«ለሁሉም ዕድሜ» የተባለውን ጌም ለልጄ ስመዝን

ልጆቻችሁ «ሮኬት ሊግ ይውረድልን» ብለው ከጨቀጨቋችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር።

ጨዋታው መኪኖች ትልቅ ኳስ እየገጩ፣ አንዳንዴም ወደ ላይ እየተወነጨፉ ጎል የሚያገቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፤ ከ2020 ወዲህ በነፃ ይወርዳል። ደም የለም፣ ጠመንጃ የለም። አሜሪካ ውስጥ ለጌሞች የዕድሜ ደረጃ የሚያወጣው ኢ.ኤስ.አር.ቢ «ኢ» ሰጥቶታል። ለሁሉም ይሆናል ማለት ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 7 ዓመቱ፣ እህቱ 10። አባታቸው የለየለት የቡና ደጋፊ ስለሆነ ቤታችን ውስጥ ኳስ የሚባል ነገር ቶሎ ይፈቀዳል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ቀላል ነበር። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሙሉ ግጥሚያ አየሁ። ያለ እኔ የሚስጥር ቁጥር ምንም ነገር እንዳይገዛ ዘጋሁ፤ ጨዋታው ነፃ ቢሆንም የመኪናው ማስዋቢያ በገንዘብ ነው። ቴሌቪዥኑን ሳሎን ውስጥ፣ ሁላችንም በምናየው ቦታ አደረግሁት።

ከዚያ ትምህርት ቤታቸው ስለ ጌም ለወላጆች ገለጻ ጠራ። አማካሪዋ «ፊደሏን እዩ፣ በቂ ነው» አሉን። እጄን አውጥቼ፣ «ልጄ ከማን ጋር እንደሚጫወትስ ፊደሏ ትነግረኛለች?» ብዬ ጠየቅሁ። «ደረጃውን የሚያወጡት ባለሙያዎች ናቸው» ብለው ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፉ። ይህ አሁንም ያበሽቀኛል። ምክንያቱም ድርጅቱ ራሱ ኦንላይን ላይ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን እንደማይመዝን በግልጽ ጽፏል። ማንበብ ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው።

የመጣብን ነገርም የመጣው ከዚያው በኩል ነው። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። አንድ ቅዳሜ መጥቶ በራሱ አካውንት ገባና ጆይስቲኩን ለልጄ ሰጠው። ጨዋታው ሦስት ሰው በሦስት ሰው ላይ ነበር፤ ሁሉም የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሮኬት ሊግ ውስጥ ቋሚ በረኛ የለም። ወደኋላ የቀረው ነው ጎሉን የሚጠብቀው፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራል። ኳሷ ቀስ ብላ እየተንከባለለች በልጄ መኪና አጠገብ አልፋ ገባች። ወዲያው ስክሪኑ ጥግ ላይ «ዋት ኤ ሴቭ!» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ግሩም አዳንክ እንደማለት። ደገሙት፣ ሠለሱት።

ልጄ ከሶፋው ዘለለ። «እማዬ፣ አየሽ? ጎበዝ እያሉኝ እኮ ነው!»

ጎል ተቆጥሮብን ማን ያመሰግናል ብዬ የእህቴን ልጅ አየሁት። አቀርቅሯል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አክስቴ፣ እያሾፉበት ነው። ሁሌ እንደዚህ ነው» አለኝ። ቀስ ብሎ ቢናገርም ልጄ ሰምቷል። ሌላ ጎል ገባ፣ ያው ምስጋና ተደረደረ። አሁን ገባው። ጆይስቲኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ወደ ክፍሉ ሄደ። ማታ ሳስተኛው፣ «እነዛ ሰዎች የት ነው የሚኖሩት? እኔን መቼ አዩኝና ነው የጠሉኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚህ ምን መልስ አለ?

ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩበት። አንድም ስድብ አልተጻፈም። ቃሉ ጨዋታው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ተጫዋቹ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ይልከዋል። ስድብ የሚያጣራ ሲስተም ምስጋናን አያጣራም። የ15 ዓመቱ ልጅ ለምዶታል፤ ስቆ ያልፈዋል። የ7 ዓመት ልጅ ግን የተባለውን እንዳለ ነው የሚያምነው። እንግዲህ ይህን የትኛው ፊደል ይነግራችኋል?

ስለዚህ ከምልክቱ ተቃራኒ ወሰንኩ። ሮኬት ሊግ ኦንላይን ለልጄ ተከለከለ። በምትኩ ማሪዮ ስትራይከርስ፦ ባትል ሊግን ገዛሁለት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኒንቴንዶ ስዊች የወጣ የምናብ እግር ኳስ ነው። ለእሱ የተሰጠው ደረጃ ከ10 ዓመት ጀምሮ የሚል ነው፤ የካርቱን ግጭት አለበት። እውነትም አለበት። ፋውል የሚባል የለም፣ ሜዳው ዳር ያለው አጥር ኤሌክትሪክ ነው፣ የሙዝ ልጣጭ ይወረወራል፣ አንድ ልዩ ምት 2 ጎል ሆኖ ይቆጠራል። ግን አንድ ኮንሶል ላይ እስከ 8 ሰው ይጫወታል። ልጄን አጥሩ ላይ የምትወረውረው እህቱ ናት፤ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ካበዛችው እኔ አለሁ። አኩርፎ ያውቃል፣ ግን ማን እንዳስኮረፈው ያውቃል፤ እራት ላይ ይታረቃሉ። የቅዳሜ ኳስ ልምምዱ ላይም ተከታተልኩት፤ ማንንም አልገፋም። የእናንተ ልጅ ያየውን ሜዳ ላይ የሚሞክር ዓይነት ከሆነ ግን አትቸኩሉ።

ሮኬት ሊግንም ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም። ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው እህትና ወንድም ከኮምፒውተሩ ጋር ይጫወታሉ። ደረጃውን ዝቅተኛው ላይ፣ «ሩኪ» ላይ አድርጉት። ቻቱን ከሴቲንግ ውስጥ ዝጉ፤ ግማሽ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ።

ትምህርት ቤቱ የሰጠን ወረቀት «በቀን 1 ሰዓት» ይላል። እኔ በሰዓት አልለካም፤ በግጥሚያ ነው። ግጥሚያው 5 ደቂቃ ነው፣ አቻ ከሆነ ግን ጎል እስኪገባ ይቀጥላል። ሰዓት ሞላ ብላችሁ መሃል ላይ ብታጠፉት ለቅሶ ነው፤ ልጁም እውነት አለው። «ሦስት ግጥሚያ» ካላችሁት ግን ራሱ ቆጥሮ ያጠፋል።

የሮኬት ሊግ አካውንቱን ደግሞ ራሳችሁ ክፈቱ፣ ትክክለኛውን የልደት ዘመን ሞልታችሁ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ሆኖ የተመዘገበ ልጅ፣ ወላጅ እስኪፈቅድለት ድረስ ቻትም ግዢም ተዘግቶበት ነው የሚጫወተው። ትልልቆቹ የአክስት ልጆች ይህን አይወዱትም፤ ዕድሜውን ከፍ አድርገው ይሞሉለታል፣ ወይ የራሳቸውን ይሰጡታል። የእህቴን ልጅ አልተቆጣሁትም። ቤታችን ሲመጣ ግን ስልኩንም አካውንቱንም ለልጄ እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ፤ እናቱም ታውቃለች።