አውቶቡስ ላይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አይጠናም

የመጀመሪያው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተናዬ ውጤት 48 ነበር። ከ100። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ቀጥታ ወደ ልምምድ ሄድኩ። የዚያን ቀን ስድስት ጊዜ 1,000 ሜትር ነበረብን። አራተኛው ላይ እንባዬ መጣ። አሠልጣኛችን እግሬን ያመመኝ መስሎት አስቆመኝ። "እግሬ ደህና ነው" አልኩት። ከዚያ በላይ መናገር አልቻልኩም።

አሁን ሜዲካል ስኩል ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ኮሌጅ አራቱንም ዓመት ሮጫለሁ፤ አንድ ሲዝን ብቻ ነው የተውኩት፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። እዚህ ሜሪላንድ አካባቢ ያሉ የኛ ልጆች ሩጫውንና ትምህርቱን እንዴት አብሬ እንዳስኬድኩ ይጠይቁኛል። ብዙ ጊዜ የሚደውሉልኝ እንዲያውም ልጆቹ ሳይሆኑ እናቶቻቸው ናቸው። በስልክ ሁሉንም ማስረዳት ስለማይቻል ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ አንድ ነገር ላስቀድም። አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንደ ኢትዮጵያ ያለ መጀመሪያ ዲግሪ ሕክምና አይገባም። በተለመደው መንገድ መጀመሪያ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ ከዚያ አራት ዓመት ሜዲካል ስኩል፣ ከዚያ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ የሚሠለጠንበት ጊዜ ነው። ፕሪሜድ የሚባለው ለሕክምና መዘጋጃም ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት አይደለም። የፈለጋችሁትን ማጥናት ትችላላችሁ፤ ግን ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ባዮኬሚስትሪን አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች ይፈልጋሉ፣ ብዙዎቹንም ከነላቦራቶሪያቸው፣ እኛ "ላብ" ከምንለው ጋር። ውጤቱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል። አንድ ኮርስ ተበላሽቶባችሁ ብትደግሙት እንኳን ማመልከቻው ላይ የድሮውም የአዲሱም ውጤት ይቆጠራል።

አባዬ የሲድኒ ኦሎምፒክን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበትን፣ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የሚያወራው። የመጨረሻዋን 100 ሜትር ሲተርክ እጁ ራሱ ይሮጣል። የኔ ሩጫ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። "ልጄ፣ ሩጫው ትምህርትሽን እንዳይበላብሽ" ይለኝ ነበር በየሳምንቱ። አልፈርድበትም። እሱና እናቴ ፈረቃ እየተቀያየሩ ነው ያሳደጉን። ለነሱ ሐኪምነቱ የመላው ቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ሩጫው የኔ ብቻ። ለኔ ሁለቱም እኩል ያሳሱኝ ነበር።

ኮሌጅ ስመርጥ ከኮሌጅ ስፖርት እርከኖች ዲቪዚዮን ሦስት በሚባለው ውስጥ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው የመረጥኩት። ዲቪዚዮን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም። ገንዘቡ የሚገኘው በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው "ፈጣን ነሽ፣ ለምን ዲቪዚዮን አንድ አትሞክሪም?" ብሎኛል። ከፍተኛው እርከን በሆነው ዲቪዚዮን አንድ ላይ ሕጉ በሲዝን ወቅት ልምምዱን በሳምንት 20 ሰዓት ላይ ይገድበዋል፣ ጉዞው ግን ከዚያ ውስጥ አይቆጠርም። እዚያም ሆነው ሕክምና የገቡ ልጆች አውቃለሁ፣ ይቻላል። እኔ የፈለግኩት ግን ላብ ከልምምድ ጋር ሲጋጭብኝ "የሚከፈልልሽ ለሩጫ ነው" የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ነበር። እስከ ዛሬ ትክክል ነበርኩ ብዬ አምናለሁ።

የረጅም ርቀት ሯጭ ዕረፍት የለውም። በመጸው (ፎል) አገር አቋራጭ፣ በብርዱ ወቅት የቤት ውስጥ ትራክ፣ በጸደይ (ስፕሪንግ) የውጪው። ይሄን ሳላስብ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ካልኩለስ አንድ ላይ ወሰድኩ። ካልኩለስ ሲ ፕላስ ሆነ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። አገር አቋራጭ ባለበት ሴሚስተር ከሁለት የሳይንስ ኮርስ በላይ አትውሰዱ፣ አማካሪያችሁ "ሁሉም ሰው ይወስደዋል" ቢላችሁም።

ወደ 48ቷ ልመለስ። ሁለተኛ ዓመት መስከረም ላይ ውድድር የምንሄደው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ ሩቅ ሲሆን ዓርብ እንወጣለን። አውቶቡስ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ መጽሐፌን ዘርግቼ በቢጫ ቀለም እያሰመርኩ አነባለሁ። የቡድኑ ልጆች ይተኛሉ፣ እኔ አጠናለሁ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ከፈተናው በኋላ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄድኩና "በሳምንት 15 ሰዓት ነው የማጠናው" አልኩት። ምንም ሳይመልስልኝ ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። "ይሄን ሪአክሽን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሥሪልኝ" አለኝ። የመጀመሪያዋን ቀስት ሣልኩ። ኤሌክትሮኑ ከየት ወደየት እንደሚሄድ አውቄዋለሁ፣ ገጹ ላይ ያለው ሰማያዊ ሣጥን ጭምር ትዝ ይለኛል። ሁለተኛዋ ቀስት ላይ ግን እጄ ቆመ። እርሳሱ ወረቀቱን ነክቶ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ትቶ ቀረ። "አንብበሽዋል፣ ግን ሠርተሽው አታውቂም" አለኝ።

ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። ያጠረኝ ሰዓት አልነበረም። ያጠረኝ ንቁ ጭንቅላት ነበር። በቀን ውስጥ ጭንቅላቴ በደንብ የሚሠራው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሰዓት ነው፣ ያንን ደግሞ በትንንሽ ሥራ እየበተንኩ ከባዱን ትምህርት ለአውቶቡስና ከልምምድ በኋላ ላለው ድካም ነበር የማስቀምጠው።

ስለዚህ ገለበጥኩት። በሐበሻ ሰዓት ነው የምጽፈው፦ ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ቤተ መጻሕፍት እገኛለሁ። እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ኦርጋኒክ ብቻ። ስልኬ ዶርም ውስጥ ይቀራል። መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ባዶ ወረቀት ላይ፣ መልሱን ሳላይ እሠራለሁ። ሲያቅተኝ አሥር ደቂቃ ሙሉ ከጥያቄው ጋር እቀመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው መልሱን የማየው፤ በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ እሠራዋለሁ። ከልምምድ በኋላ ለደከመ ጭንቅላት የሚሆነው ብቻ ነው የቀረው፦ የላብ ሪፖርት ሠንጠረዥ መሙላት፣ ኢሜይል መመለስ፣ ልብስ ማጠብ፣ አንኪ በሚባለው የጥናት ካርድ አፕ ላይ ካርዶቼን መከለስ። አውቶቡስ ላይም ካርድ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እንቅልፉን እንደ ጥፋት መቁጠር አቆምኩ። ሁለተኛው ፈተና 71 ሆነ፣ ሦስተኛው 86።

ያልነገርኳችሁ ዋጋ እንዳይኖር፣ ዓርብ ማታ የሚባል ነገር ለሁለት ዓመት አልነበረኝም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ከመልሱ ቀርቻለሁ። ይሄ አሁንም ይቆጨኛል።

ላቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ከ7 እስከ 11 ላብ፣ ልምምድ 10 ሰዓት። መጀመሪያ አካባቢ ላቡን በጥድፊያ ጨርሼ ለመሮጥ እሞክር ነበር። አንድ ቀን 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱን ፈሳሾች የምንለይበትን ብልቃጥ ይዤ፣ ዓይኔ ግድግዳው ሰዓት ላይ ሆኖ፣ የታችኛውን መዝጊያ ከመጠን በላይ ከፈትኩት። የሁለት ሰዓት ተኩል ሥራዬ ከቆሻሻው ጋር ተደባልቆ ወረደ። ምንም የሚመለስ ነገር አልነበረውም። ዓርብ ተመልሼ ከዜሮ ጀመርኩ።

ሰኞ አሠልጣኜ ጋ የሴሚስተሩን ፕሮግራም በወረቀት ይዤ ሄድኩ። ላቡን፣ ፈተናዎቹን፣ ውድድሮቹን በአንድ ገጽ ላይ። ዓይቶት "ይሄን ኦገስት ላይ ብታመጪልኝ ኖሮ ልምምዱን አስተካክልልሽ ነበር" አለኝ። እኔ እኮ ተማሪ መሆኔን ማሳየት እንደ ድክመት የሚቆጥርብኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ብቻዬን ሮጥኩ፤ ከላብ ወጥቼ፣ ኖቬምበር ላይ ጨለማ ውስጥ፣ ግንባሬ ላይ መብራት አስሬ፣ 50 ደቂቃ። የሳምንቱንም ኪሎ ሜትር ቀነሰልኝ። ሮጀር ባኒስተር እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1954 አንድ ማይልን በ3፡59.4 ሲሮጥ ለንደን ውስጥ የሕክምና ተማሪ ነበር፣ ልምምዱንም በምሳ ሰዓቱ ነበር የሚሠራው። ኋላም የነርቭ ሐኪም ሆነ። ዘመኑ ሌላ ነው፣ የዛሬ ሯጭ በዚያ ልምምድ ብቻ ሩቅ አይሄድም። እኔ ግን ስለ እሱ ካወቅኩ በኋላ በቀነስኩት ኪሎ ሜትር ማፈር ተውኩ።

አሁን ደግሞ በተለይ ለሴቶቹ። ሁለተኛ ዓመት ጸደይ ላይ፣ ሁዳዴ ውስጥ፣ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ሁልጊዜ እንደማደርገው እየጾምኩ ነበር። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አነባለሁ፣ አይገባኝም። 5,000 ሜትር በ18፡20 እሮጥ የነበርኩት 19፡10 ገባሁ። ፎቅ ስወጣ ልቤ ይመታል። ሰነፍኩ ብዬ ራሴን ወቀስኩ፣ ጠዋት ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨመርኩ። ለቅዳሜና እሁድ ቤት ስሄድ እናቴ በሩ ላይ ሳመችኝና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። በአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት ነው የምትሠራው። በአውራ ጣቷ የታችኛውን የዓይኔን ሽፋን ወደታች ሳበችው። "ነጭ ሆኗል። ደም አንሶሻል፣ የኔ እናት" አለች። ክሊኒክ ሄድኩ። ፌሪቲኔ፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ የተቀመጠው የብረት ክምችት፣ 9 ነበር፤ በጣም ዝቅተኛ።

የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው፣ "ሕመም ነው፣ ሐኪምሽ ያዘዘሽን አድርጊ" አሉኝ። ብረቱን እንደታዘዘልኝ ወሰድኩ። እናቴ ደግሞ ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን ቡናና ሻይ አራቀችብኝ፤ ሁለቱም ሰውነት ከምግብ ውስጥ ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፣ እኛ ቤት ደግሞ ምሳ ሳይነሳ ነው ቡናው የሚቀርበው። ሦስት ወር ገደማ ፈጀብኝ። በየዓመቱ ሲዝን ሳይጀመር ተመርመሩ። ክኒኑን ግን ሳትመረመሩ በራሳችሁ አትጀምሩ። ስንት ወር "ጭንቅላቴ አይሠራም" እያልኩ ያለቀስኩት በደም ማነስ እንደነበር ሳስብ ያናድደኛል።

የተውኩት ሲዝን የሦስተኛ ዓመት ጸደይ ነው። ምክንያቱ ኤምካት፣ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና። 230 ጥያቄ፣ ከነዕረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ውጤቱ ከ528። ለእሱ ንቁ ጭንቅላት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ያስፈልገኝ ነበር፣ የሌለኝ ነገር። ዲሴምበር ላይ ለአሠልጣኜ ነገርኩት፣ ለቡድኑ ደግሞ ራሴ ተነስቼ ነገርኩ። ከባድ ነበር፣ ምክንያቱም ለቅብብል የምንሮጠው አራታችን አንድ ላይ ነበር የምንኖረው። ማለዳ ጫማቸውን ሲያስሩ በሩ ሥር ድምፁን እሰማለሁ። ለራሴ ቀስ ብዬ እሮጥ ነበር፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ሰዓት ሳልይዝ። ሜይ ላይ ተፈተንኩ፣ 512 አመጣሁ። ሁለቱን አብሬ አስኬዳለሁ ብል ኖሮ ሁለቱም ይበላሹ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ማመልከቻውንም አንድ ዓመት አዘገየሁት። እቤት "አንድ ዓመት ባከነ" ተባለ። አልባከነም። በዚያ ዓመት ከእናቴ ጋር አንድ መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ሠራሁ፤ እንግሊዝኛቸው ጠፍቶባቸው አማርኛ ብቻ የቀራቸው አንዲት እማማ ነበሩ፣ ሌሊት ሲነቁ "ማነሽ?" ይሉኝ ነበር፣ "ልጅዎት ነኝ" እላቸዋለሁ። ማመልከቻው ላይ እስከ 15 ተግባር ይጻፋል፣ ከነዚያ ሦስቱን "ለኔ ዋናዎቹ" ብለህ ትመርጣለህ። ሩጫውን መረጥኩ፣ መጦሪያውን መረጥኩ። ኢንተርቪው ላይ ስንት ደቂቃ እንደምሮጥ ማንም አልጠየቀኝም። ስለ ሐሙሱ ሩጫና ስለ 48ቷ ግን ሁለት ቦታ ተጠይቄያለሁ።

የመጨረሻው የአገር አቋራጭ ውድድሬ አራተኛ ዓመት ኖቬምበር ላይ ነበር፣ 6 ኪሎ ሜትር፣ ዝናብ ያደረበት ሜዳ ላይ። አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ። የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ አራተኛው ኪሎ ሜትር ጋ ጭቃው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። "በርቺ! እጅሽን! እጅሽን!" እያለ እስከ ዛፎቹ ድረስ ጎን ለጎን ሮጠ። 23ኛ ወጣሁ። ስጨርስ ፔርሙዝ ይዞ መጣ፣ ጫማዬን ዓየ፣ ፊቴን ዓየ፣ ብዙ አላወራም።

"ፈተና መቼ ነው?" አለኝ።

"ሰኞ።"

ክዳኑን ሊከፍት ጀመረና መልሶ አጠበቀው። "ሻዩን መጀመሪያ ምግብ ብይና ቆይተሽ ነው የምትጠጪው ብላለች እናትሽ።"