የፓኬቱ ሰዓት፣ በኛ ነው በፈረንጅ?

አራት ኪሎ እየተገናኘን የከርነልን (የሊኑክስን እምብርት) ኮድ ለምናነብ ልጆች፦ የኔ ተራ ስለደረሰ ያለሁበትን ላካፍላችሁ። የያዝኩት በሊኑክስ ኔትወርክ ስታክ (የኔትወርኩን ሥራ በሚሠራው የከርነል ክፍል) ውስጥ ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዝ የዳታ ቁራጭ) ላይ ሰዓት የሚመዘግበውን ኮድ ነው። ሥራው ሳይቀየር ኮዱን ማጥራት፤ ለልምምድ፣ በራሴ ቅጂ ላይ።

ከቀላሉ ጀመርኩ። ፕሮግራም ፓኬቱ የደረሰበትን ሰዓት በማይክሮሰከንድ ወይም በናኖሰከንድ ይጠይቃል። ሁለቱም አሮጌና አዲስ መልክ አላቸው። የአሮጌው ሰከንድ ቆጣሪ በ32 ቢት ማሽን ላይ በፈረንጆች 2038 ይሞላል፤ አዲሱ ባለ64 ቢት መልክ በፈረንጆች 2019 ከወጣው ከርነል 5.1 ጋር ገባ። የሚመሳሰሉትን አራት ቅርንጫፎች ወደ አንድ ፈንክሽን ሰበሰብኳቸው። (ቆጣሪው የሚሞላው በኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ላይ ነው። ጥምቀት! ያን ቀን ተረኛ የሆነ ሲስተም አድሚን ጃንሜዳን ይርሳት።)

ዋናው ራስ ምታት ኤስኬቢ (ከርነሉ አንድን ፓኬት የሚይዝበት መዋቅር) ውስጥ ያለችው «ቲስታምፕ» የምትባል ፊልድ ናት። ለገቢ ፓኬት መቼ እንደደረሰ ትይዛለች፣ በሪልታይም ሰዓት (ቀንና ሰዓት በሚነግረን)። ለወጪው ግን መቼ መላክ እንዳለበት ነው የምትይዘው፤ ከከርነል 4.20 ወዲህ የኢንተርኔት ፕሮቶኮሉ ቲሲፒ በሞኖቶኒክ ሰዓት (ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ በሚቆጥረው) ይሞላታል። ሪልታይም ይዘላል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የቦርድ ባትሪዋ ያለቀ ዴስክቶፕ ምን እንደምትሆን ታውቃላችሁ። ሞኖቶኒክ ወደፊት ብቻ ነው። ቁጥሩ ብቻውን የየትኛው እንደሆነ አይናገርም። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ለሚል ሰው «በኛ ነው በፈረንጅ?» እንደምንለው ነው። በከርነል 5.18 ይህን የሚለይ አንድ ቢት ተጨመረ፤ ኋላ ሁለት ሆነ።

እኔ ያደረግኩት ፊልዷን በቀጥታ የሚጽፈውን የኔትወርክ ስታክ ኮድ ሁሉ በአንድ ፈንክሽን እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ፈንክሽኑ ቁጥሩን ሲቀበል የሰዓቱን ዓይነትም ይጠይቃል፤ ያለዚያ ኮምፓይለሩ አያሳልፍም። የአራቱ ቅርንጫፍ ነገር ለዓይን ብቻ ነው፤ ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ነገር ሆን ብዬ አልነካሁም። ማንም ሰዓት ካልጠየቀ ከርነሉ ለገቢ ፓኬት ሰዓት አያነብም፤ በየፓኬቱ ማንበብ ዋጋ አለው። ይህን የሚቆጣጠረው ማክሮ (በስም የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ያስጠላል፣ ግን ተዉት።

ከርነሉ ጋር የሚመጡትን የሶፍትዌር ቴስቶች አልፏል። የቀረው ሃርድዌሩ ነው፤ የኔ ላፕቶፕ ኔትወርክ ካርድ የራሱ ሰዓት የለውም። እናንተም ኢትቱልን (ስለ ኔትወርክ ካርድ የሚናገረውን ትዕዛዝ) በትልቁ ቲ (-T) ጠይቁትና እዩ። የራሱ ሰዓት ያለው ካርድ ያለው ሰው ቅዳሜ ይዞ ይምጣ፣ ማኪያቶ በኔ።