የአንደኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች እንዳያቋርጡ፦ ከካልኩለስ ክፍል የጀመርኩት ሥራ

ምህንድስናን ከሚያቋርጡት ብዙዎቹ ዋናዎቹን ኮርሶች ሳያዩ ነው የሚወጡት፤ ካልኩለስ (የለውጥን መጠን የሚያሰላ ሒሳብ)፣ ፊዚክስ ወይም ድሮዊንግ (የምህንድስና ንድፍ ሥዕል) ላይ ይቀራሉ። ድጋፉን ከካልኩለስ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

መነሻዬ የሒሳብ መምህሩ ዩሪ ትራይስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የደረሰበት ነገር ነበር። በካልኩለስ ይወድቁ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን ያጠኑ ነበር። የቻይና ዝርያ ያላቸው ግን አብረው እየሠሩ ይተራረሙ ነበር። ስለዚህ ትራይስማን ማጠናከሪያ ትምህርት ሳይሆን ከባድ ጥያቄዎች በቡድን የሚሠሩበት ወርክሾፕ ከፈተ።

እኔም በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት መደብኩ። ክፍሉ ከ24 ተማሪ አይበልጥም፤ ቡድኑ የአራት ሰው ነው። ስድስት ጥያቄ ይበቃል፤ ሁለቱ ከፈተና የከበዱ ይሁኑ። ለምሳሌ፦ «ሳይቋረጥ የሚሄድ፣ ግን አንድ ነጥብ ላይ ዴሪቬቲቭ የሌለው ግራፍ ሳሉ።» ዴሪቬቲቭ ማለት ግራፉ በዚያ ነጥብ ላይ ያለው ስሎፕ (ተዳፋትነት) ነው። አንዱ የV ቅርጽ ያለውን የ|x|ን ግራፍ ይስላል፤ ሌላው «ዜሮ ላይ ስሎፑ ለምን ዜሮ አይሆንም?» ይላል። ረዳቱ መልሱን አይነግራቸውም፤ «ከግራ ስትመጡ ስንት ነው? ከቀኝስ?» ብሎ ይሄዳል። −1 እና 1 እንደማይገጥሙ ራሳቸው ሲያገኙት አይረሱትም።

ወርክሾፑን «የደካሞች» ካስመሰላችሁት በጣም የሚፈልጉት ተማሪዎች ይሸሹታል። ክሬዲት ይኑረው፣ መደበኛ ፕሮግራም ውስጥ ይግባ፤ ማታ ከሆነ ሠርተው የሚማሩት ይቀራሉ።

አንዲት ሴት ከሦስት ወንዶች ጋር ብቻዋን አትመደብ። ስሌቱን እነሱ ይይዙና እሷ ጸሐፊ ሆና ትቀራለች። ወይ ሁለት ይሁኑ፣ ወይ ቡድኑ የወንዶች ብቻ ወይም የሴቶች ብቻ ሆኖ ይቆይ። ጸሐፊነቱም በየሳምንቱ ይዙር።

ለድሮዊንግ በመጀመሪያው ሳምንት ባለ 30 ጥያቄውን የፐርዱ ፈተና ስጡ፤ ዕቃን በሐሳብ አዙሮ የማየት ችሎታን ይለካል። የምህንድስና መምህሯ ሼሪል ሶርቢና ባልደረቦቿ በአሜሪካው ሚሺጋን ቴክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመሩት ኮርስ እንዳሳየው ይህ ችሎታ በልምምድ ይሻሻላል። ከ60 በመቶ ያላለፈ ተማሪ ኪዩቦችን እያዞረ በእርሳስ አይሶሜትሪክ (ሦስት ገጽታን በአንድ ላይ የሚያሳይ ሥዕል) ይሳል፤ ስክሪን ላይ ማዞር ብቻውን እጅን አይተካም።

ከሁሉ በፊት ግን የነጥብ አሰጣጡን አስተካክሉ። ውጤት በከርቭ (ተማሪዎችን እርስ በርስ በማወዳደር) ከተሰጠ ጓደኛውን ያስረዳ ተማሪ የራሱን ነጥብ ይጎዳልና ቡድኑ በዝምታ ይፈርሳል። የኤ መነሻ ነጥብ ትምህርት ሳይጀመር ተወስኖ ይለጠፍ።