ከሩቅ የሚነዳው ረዳት
ዛሬ ወሬያችን ሁሉ ትሪና ነበር፦ ከኢቦላ ወረርሽኝ በኋላ አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ነርስ ከሌላ ክፍል ሆና የምትነዳው ባለ ሁለት ክንድ ሮቦት። ነርሷ ተላላፊ በሽታ ወዳለበት ክፍል የምትገባበትን ጊዜ ለመቀነስ ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ነርሶችን የሚያሰለቻቸው እጁ ላይ ነው። በስክሪን ርቀት አይለይም፤ ኩባያውን ያዝኩ ስትል ጣቶቹ ከጎኑ ይገጥማሉ። ቢይዝም የጭብጡ ጥንካሬ ለነርሷ አይሰማትም፤ ስስ የፕላስቲክ ኩባያ ይጨፈለቅና ውኃው አልጋው ላይ ይፈስሳል። የሮቦቱ የእጅ አንጓ ላይ ተጨማሪ ካሜራ መግጠም፣ የጭብጡን ኃይል አስቀድሞ መገደብ ይረዳል። ኔትወርክ ሲዘገይ ጥቂት አንቀሳቅሶ ቆም ማለት ነው (ተረኛ ነርስ ለዚህ ጊዜ ካላት!)።

በእኔ ግምት ዕቃ ማቀበሉንና ሞኒተር ማንበቡን ቶሎ ይለምዱታል። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባቱን ግን ማንም በቅርቡ አይሰጠውም።