በዓል ሲመጣ ኮተቴ ይወጣል

ጡረታ ወጥተህ ምን ትሠራለህ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ባህር ዳር ስለምኖር ደግሞ መልሱንም ራሳቸው ናቸው የሚሰጡኝ፣ «ጣና ዳር ቁጭ ብለህ ቡናህን ትጠጣለህ እንጂ ሌላ ምን አለብህ» ይሉኛል። ቡናውንም እጠጣለሁ አልዋሽም፣ ግን እኔ እኮ ሥራ አለኝ። መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ፋይል ስከፍትና ስዘጋ ነው የኖርኩት፣ አሁን ደግሞ የራሴን ነው የምከፍተው። የስፖርት እቃ እሰበስባለሁ፣ ማሊያ፣ ስካርፍ፣ የስታዲየም ቲኬት፣ የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ፣ ቴምብር፣ ፖስተር፣ ዋንጫ ምናምን። ባለቤቴ ሁሉንም ጠቅልላ «ኮተት» ነው የምትለው። ሁለተኛው ሥራዬ በዓል ሲመጣ ቤት ማሳመር ነው፣ እሱን እንኳን እሷም ትወደዋለች፣ እንደውም አለቃዬ እሷ ነች።

ሁለቱ ሥራዎች መጀመሪያ ላይ አይተዋወቁም ነበር። ኮተቱ ካርቶን ውስጥ፣ በዓሉ ሳሎን ውስጥ። የተገናኙት በመዝገብ ቤት አመሌ ምክንያት ነው፣ እያንዳንዱ እቃ ላይ ቀን ካልጻፍኩበት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ የፈረንጁን ቀን ደግሞ ወደኛው መልሼ ነው የምጽፈው፣ እና እየጻፍኩ እየጻፍኩ ስሄድ አንድ ነገር ታየኝ፤ የኛ አገር ትልልቅ የስፖርት ቀኖች በዓል ደጃፍ ላይ ነው የሚወድቁት። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ብዙዎቹ። ከዛ ወዲህ ሳሎን ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው በየበዓሉ ይቀያየራል፣ የበዓሉ ባለቤት የሆነው እቃ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል።

እንቁጣጣሽ ላይ የሚወጣው አበበ ቢቂላ ነው። ሮም ኦሎምፒክ ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው ሲባል ሁሌ እንሰማለን፣ ወደኛ ስትመልሰው ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ በቃ! ውድድሩ የተጀመረው አመሻሽ ላይ ስለነበር ሳይጨርሱ ጨለመ፣ አፒያ የሚባለው መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር የሚያበሩላቸው፣ እኛ አገር ለአዲስ ዓመት ችቦ በሚለኮስበት ማታ ማለት ነው፣ ይሄን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን መጥተው መጥተው አበበ ጥሎት የሄደው ደግሞ ከአክሱም ተወስዶ ሮም የቆመው ሐውልት አካባቢ ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ምርጥ ሰዓት። እኔ ጋ ያለው ፎቶ ኮፒ ነው፣ ኦሪጅናል ነው ብዬ ማንንም አላታልልም፣ ግን ደረቱ ላይ ያለው 11 ቁጥር ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ፍሬሙም የደህና አናጢ ሥራ ነው።

ከፎቶው ሥር ቡፌው ላይ አንድ ዋንጫ አለ። የመሥሪያ ቤቶች ውድድር ዋንጫ ነው፣ የድሮ፣ አንድ ጆሮው የተሰበረ፣ ስቶር ሲጸዳ ሊጣል ሲል ለምኜ የወሰድኩት። አደይ አበባው የሚገባው እሱ ውስጥ ነው። ለአበባ ደግሞ ሲመቸው! አፉ ሰፊ ነው፣ ክብደት ስላለው ልጆች ሲሯሯጡ አይወድቅም። ቄጠማው ባህር ዳር ላይ ችግር የለበትም፣ በዋዜማው ገበያው ሁሉ አረንጓዴ ነው የሚሆነው፣ ውሃው ሳይደርቅ ገዝተህ ትጎዘጉዛለህ፣ ቤቱ ሐይቅ ሐይቅ ይላል። የልጅ ልጄ ለእንቁጣጣሽ መልአክ ሳልና አምጣ ብለውት ማሊያ ያስለበሰው መልአክ ስሎ መጣ፣ ከነቁጥሩ። ባለቤቴ «እግዚኦ» አለች፣ እኔ ግን ወዲያው ሰቀልኩት፣ ከስብስቤ ውስጥ በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነው።

መስቀል ላይ አበበ ይወርድና ኃይሌ ይተካል። ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዋ እርምጃ የቀደመው መስከረም 15 ቀን 1993 ነው፣ ደመራ ሊለኮስ አንድ ቀን ሲቀረው። ሰኞ ነበር፣ ቢሮ ውስጥ ራዲዮ ዙሪያ ተኮልኩለን ነበር፣ 10 ሺህ ሜትር ሙሉ ሮጠው ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ! አሰፋ መዝገቡም ሦስተኛ ወጥቷል፣ እሱን ሰው ይረሳዋል። የዚያን ሰሞን የጋዜጣ ገጽ አለኝ፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ጋዜጣ ለመቆየት የተሠራ ወረቀት አይደለም፣ ራሱን በራሱ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ለበዓሉ ይወጣና በሳምንቱ ይመለሳል፣ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ብተወው ፀሐይዋ በልታው ነበር።

ህዳር በኛ ቤት አስቸጋሪ ወር ነው። ህዳር 12 ሚካኤል ነው፣ ህዳር ሲታጠን ነው፣ ያው በ1911 የኅዳር በሽታ ሰዉን ከፈጀ ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ የሚያቃጥልበት ቀን ነው፣ እና ባለቤቴ በየዓመቱ ሳትሰለች «ዘንድሮ የማስቀድመው ያንተን ወረቀት ነው» ትላለች። እኔ መከላከያዬ አንድ ቲኬት ነው። ህዳር 9 ቀን 2012፣ ኢትዮጵያ ከአይቮሪ ኮስት፣ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ፣ እዚሁ ባህር ዳር ስታዲየም። ቀድመው አገቡብን፣ ስታዲየሙ ትንሽ ጸጥ አለ፣ ከዛ ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገን፣ ቀጥሎ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ሲያስገባ አጠገቤ የነበረውን የማላውቀውን ሰውዬ አቅፌው ስዘል ነበር፣ በዚህ ዕድሜዬ። 2 ለ 1። እነሱ እኮ በአውሮፓ ክለብ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ያቺን ቲኬት ሳሳያት ዝም ትላለች፣ ምክንያቱም ያን ቀን እሷም ቤት ሆና ስትጮህ ጎረቤት ሰምቷታል። በ2013 መጋቢት 15 ደግሞ ማዳጋስካርን እዚሁ 4 ለ 0 ሸኝተን፣ በኋላ ካሜሩን ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ከዛ ወዲያ ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ የካፍን መስፈርት አላሟላም ተብሎ ዋልያዎቹ ሜዳቸውን ሰው አገር ፍለጋ መሄዳቸው ያናድደኛል፣ ይሄን ግን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ዛሬ በዓል ነው የማወራው።

ገና ላይ ክርክር አለ። እኔ የፕላስቲክ ዛፍ አልወድም፣ እውነተኛ ጥድ መቁረጥ ደግሞ ከዛም የባሰ ነውር ነው፣ ልጆቹ ግን ያለ ዛፍ ገና አይመስላቸውም። የተስማማነው እንዲህ ነው፣ ዛፉ ይቆማል፣ የሚንጠለጠልበትን ግን እኔ ነኝ የምመርጠው። የሚያብረቀርቀው ኳስ ቀርቶ የሩጫ ሜዳልያ፣ የክለብ ቁልፍ መያዣ፣ ትንንሽ ባንዲራ ይንጠለጠላል፣ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ተጨምሮበት፣ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ከዛፉ በላይ የሚሰቀለው ግን ዋናው ነው፣ ከገጠር ዘመድ ያገኘሁት የገና መጫወቻ ዱላ፣ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ እጀታው በብዙ እጅ የለሰለሰ፣ ከነሩሩ፣ ከነኳሱ ማለት ነው። ሰው የፈረንጅ ማሊያ ያሳድዳል፣ እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም በፊት መሰብሰብ ያለበት ይሄ ነው፣ ሁለት ቡድን ሆኖ ሩሩን እየለጉ መዋል፣ ጌታም ሎሌም አብሮ የሚጫወትበት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለለት ስፖርት በራሱ በዓል ስም እያለን። የልጅ ልጄ ዱላውን አይቶ «አባባ ይሄ ሆኪ ነው?» አለኝ። አስረዳሁት፣ ግቢ ውስጥም ትንሽ ሞከርነው፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ትንሽ ተጎድቷል፣ ጎረቤቴም አልተቆጣም፣ ገና ነዋ።

ጥምቀት ግን የኔ ነው። ባህር ዳር ጥምቀትን ያላየ ሰው ምን ልበለው፣ ነጭ ለብሶ የሚወጣውን ሕዝብ፣ ታቦት በሚያልፍበት ወጣቱ ምንጣፍ እያነሳ ወደፊት እየሮጠ ሲያነጥፍ፣ መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። እኔም በሬ ላይ የምሰቅለው የዋልያዎቹን ስካርፍ ነው። ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የአፍሪካ ዋንጫችን የተገኘው ጥር 13 ቀን 1954 ነው፣ ጥምቀት በ11፣ ሚካኤል በ12፣ ዋንጫው በ13! የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፣ ፍጻሜው ከግብጽ ጋር ነው፣ ያኔ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር ስሟ፣ ሁለቴ መሩን፣ ሁለቴ ደረስንባቸው፣ 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ፣ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ፣ 4 ለ 2። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ የኢታሎ ወንድም ሉቻኖ፣ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው እሱ ነው። እኔ ለዚያ ውድድር የወጣ ቴምብር አለኝ፣ ትንሽ ነው፣ ከቅርብ ካላዩት ምንም አይደለም፣ ሰው ቤቴ ሲመጣ ማጉያ መነጽር ሰጥቼ ነው የማሳየው።

አሁን ደግሞ ይሄን ስሙ። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ ስንገባ፣ ያ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ጊዜ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ውድድሩ የተከፈተው ጥር 11 ቀን 2005 ነው፣ የጥምቀት ዕለት። የኛ የመጀመሪያ ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ጥር 13። ዋንጫውን ካነሳን ድፍን 51 ዓመት፣ በዕለቱ! ዛምቢያ ያኔ ሻምፒዮን ነች፣ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ በ10 ሰው ሆነን ጎል ገባብን፣ እና አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። 1 ለ 1። ከዛ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን መጣን፣ እሱን ስካርፉ ላይ አልጻፍኩትም። የጥር 13ን ነገር ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፣ ሁሉም «አጋጣሚ ነው» ይለኛል። አጋጣሚ መሆኑን እኔስ መች አጣሁት፣ ግን እንዲህ ያለ አጋጣሚ በር ላይ ካልተሰቀለ ምን ሊሰቀል ነው።

ቡሄ ላይ ብዙም አልጨነቅም፣ አንድ የአቴንስ ኦሎምፒክ ፖስተር ነው የሚወጣው። ነሐሴ 14 ቀን 1996፣ የቡሄ ማግስት፣ በ10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ አንደኛ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ እግሩን እያመመው አምስተኛ፣ ሁለቱ ልጆች ወደኋላ ዞር እያሉ ሲጠብቁት የነበረው ሩጫ። ሙልሙሉ ሲበላ ያንን አወራለሁ፣ «ሆያ ሆዬ» የሚሉት ልጆች ግን ሳንቲሙን ነው የሚጠብቁት።

ክረምት ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ የሐይቁ እርጥበት። ባህር ዳር ወረቀት የሚሰበስብ ሰው ጠላቱ ሻጋታ ነው። ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ከግድግዳም ትንሽ ራቅ ይላል፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን የጨው መሳይ ከረጢት አትጣሉ፣ ሲሊካ ጄል ነች፣ እርጥበት ትመጥጣለች፣ እኔ ሰፈሩን ሁሉ አስለምጄ ጫማ የገዛ ሁሉ ያመጣልኛል። ፀሐያማ ቀን ሲገኝ ካርቶኑ ተከፍቶ ጥላ ውስጥ ይናፈሳል። ቲኬትና ጋዜጣ ላሚኔት የምታደርጉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ፣ አንዴ ከተጣበቀ አይመለስም፣ ፕላስተርም ያው ነው፣ ሙጫው በጊዜ ብዛት ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ፕላስቲክ ፖኬት በቂ ነው። ከጀርባው የምትጽፉት ደግሞ በእርሳስ፣ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊት ዘልቆ ይታያል። ማሊያ በሽቦ ማንጠልጠያ ከተሰቀለ ትከሻው ይንጋደዳል፣ ጠፍጣፋ አድርጎ በነጭ ጨርቅ መጠቅለል ነው።

ስለ መግዛት ብዙ አልልም። ገበያ ላይ «ተጫዋቹ የለበሰው ነው» እየተባለ የሚሸጥ ማሊያ አለ፣ ማተሚያው ገና የሚሸት። ወረቀት ይሻላል፣ የድሮ ቲኬት አስመስሎ ለመሥራት የሚደክም ሰው ብዙ የለም፣ የሚያዋጣው ማሊያ ነውና። ከሁሉ የተሻለው ግን ሰው ሊጥለው ያለውን መለመን ነው። ቤት ሲቀየር፣ ቢሮ ሲታደስ፣ ሽማግሌ ሲያርፍ ልጆቹ ካርቶን ሲያወጡ፣ እዚያ ቀድሞ መድረስ።

የቀረኝ ፋሲካ ነው። ፋሲካ ቀኑ እየዞረ ስለሚመጣ መዝገብ አልመች አለኝ፣ አንዱን ዓመት ሚያዝያ መጀመሪያ ሌላውን መጨረሻ፣ ከየትኛው ሩጫ ጋር ላስተሳስረው? ግድግዳው ባዶ ሲሆን ባለቤቴ ጊዜ አላጠፋችም፣ ስፌቶቿን በሙሉ ደርድራ ሰቀለችበት፣ ሰፌዱን፣ ሙዳዩን፣ ከላይ ደግሞ ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ። የሚያምር ሆነ፣ ምን እላለሁ። እኔ ዝም ብዬ ጥግ ላይ የባህር ዳር ከነማን ስካርፍ ልጨምር ጠየቅኩ፣ የጣና ሞገዶቹ በ2011 ፕሪሚየር ሊግ ገብተው በ2015 ሁለተኛ የወጡት የሰፈራችን ልጆች ናቸው፣ ከታንኳዋ ጋር ይሄዳል ብዬ ነው። «ለሁለተኛ አልሰቅልም፣ ዋንጫ ሲያመጡ» አለች። እስካሁን ድርድር ላይ ነን።