ኪዳነ ምሕረት ለወንድሜ ያደረገችው

ታናሽ ወንድሜ ከደቡብ ጎንደር ወደ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ በኅዳር መጨረሻ በሰላም ተመለሰ። ከጥምቀት በኋላ ግን ትኩሳት ያዘው፤ ሰውነቱ መነመነ፣ ጣፊያው በእጅ እስኪዳሰስ አበጠ፣ ይነስረውም ጀመር። የወባ መድኃኒት ወስዶ አልተሻለውም። የደም ምርመራው ቀይና ነጭ የደም ሴሎቹም፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌቱም እጅግ መውረዳቸውን ባሳየ ጊዜ፣ ሐኪሙ «የደም ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ጎንደር ላከን።

እናታችን ይህን ስትሰማ እህል መቅመስ አቆመች። እኔም በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከቅጽሯ ተንበርክኬ «እመቤቴ ሆይ፣ ከሐኪሞቹ የተሰወረውን ልጅሽ ይግለጥላቸው፤ ወንድሜ ከዳነ ምሕረትሽን በአደባባይ እመሰክራለሁ» ብዬ ተሳልሁ።

ጎንደር የተቀበለን ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው የት ሲሠራ እንደከረመ ነበር። መተማ እንደነበረና ሌሊቱን ከግራር ሥር ሜዳ ላይ ይተኛ እንደነበር ሲሰማ ካላዛር የተባለውን በሽታ ጠረጠረ። ከዳሌ አጥንቱ የተወሰደው መቅኔ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተገኘበት የካንሰር ሴል ሳይሆን ሌይሽማንያ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ሆነ። በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር አካባቢ የምትኖር፣ ከወባ ትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ ታስተላልፈዋለች፤ ተውሳኩ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኔን ስለሚወርር የደም ሴሎች ይመናመናሉ፤ ከደም ካንሰር ጋር የሚያመሳስለውም ይኸው ነው። ካልታከመ ይገድላል፤ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው። መድኃኒት አለው የተባለውን ስሰማ እዚያው ወድቄ አለቀስሁ።

ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የሚባሉትን መርፌዎች ለ17 ቀናት በየዕለቱ ወሰደ። ከባድ ሕክምና ነው፤ የልቡንም ሁኔታ እየተከታተሉለት ነበር። የንስሐ አባታችን «ጸበሉን ጠጣ፣ መርፌውንም አንድ ቀን እንዳታስታጉል» ብለው አዘዙት፤ እርሱም እንዲሁ አደረገ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ያዳነው የሐኪሙ ዕውቀት ነው ይሉኛል። ሐኪሙን በየጸሎቴ አስበዋለሁ፤ ነገር ግን ሁላችንም ስለ ካንሰር ብቻ በምንጨነቅበት ሰዓት ያችን ጥያቄ በልቡ ያሳደረ እግዚአብሔር እንደሆነ አምናለሁ።

ከስድስት ወር በኋላ በተደረገለት ምርመራ ጣፊያው ወደ መጠኑ ተመልሶ፣ በሽታውም እንዳላገረሸበት ተነገረን። የተሳልሁትን ምስክርነት እነሆ አቀረብሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።