ፓዊ ላይ ትል ሳገላብጥ

ከባሕር ዳር ስንነሳ ብርድ ነበር። ዳንግላ ላይ ሻይ ጠጣን። ቻግኒን አልፈን ቁልቁል ወደ ግልገል በለስ ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ ፓዊ ስንገባ ሸሚዙም በዛብኝ።

መስከረም 2010 ነው። መጤው ተምች የሚሉት ሰብል በሊታ ትል አገራችን ከገባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ስለዚህ ትል ያየ ሁሉ ስልክ ይመታል። ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) የሆነው ጓደኛዬ «አኩሪ አተር ውስጥ ተምች ገባ ብለው ጠርተውኛል፣ ና ፎቶ ታነሳልኛለህ» አለኝና ተከተልኩት።

ፓዊ ላይ ሰፈሩ በቁጥር ነው የሚጠራው፤ መንደር 7፣ መንደር 14 እየተባለ። ባለ ማሳዋ እማማ በ1977ቱ ድርቅ ልጅ አዝለው ከወሎ የመጡ ናቸው። ገና ሰላም ሳንባባል «ተምቹ ጨረሰኝ፣ በላኝ!» አሉን።

አኩሪ አተሩ ወገብ ይደርሳል። ቅጠሉ ተበሳስቷል፣ ግን አረንጓዴነቱ አሁንም ያምራል። ጓደኛዬ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ቀደደና በመስመሮቹ መሃል አነጠፈው። ከዚያ ተክሉን ወደ ከረጢቱ አዘንብሎ አራገፈው። ጠብ ጠብ አሉ።

እኔ ቡናማዋን አነሳሁና «ይሄው መጤው!» አልኩ። ስልኬ ላይ ያየሁትን ፎቶ ትመስላለች። ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ቀለም አትመን» አለ። መጤው ተምች ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ (Y) አለው ይሉታል፤ ሥዕሉን ሲያሳየኝ እኔ «ሰ» ፊደል ነው የመሰለኝ። ጭራው አካባቢ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በካሬ ይቀመጣሉ። የኔዋ አንዱም የላትም። ደግሞም መጤው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው በቆሎን ነው። የድሮው ተምችማ የሣርና የእህል ጠላት ነው፤ አኩሪ አተር ምኑ ነው?

በስንጥር ገልብጦ እግር አስቆጠረኝ። ከፊት ያሉት ሦስት ጥንድ ቀጫጭን እግሮች ሁሉም ጋ አሉ። ነገሩ ያለው ሥጋማዎቹ የሆድ እግሮች ላይ ነው። አንዷ አረንጓዴ መሃሏ ላይ ሁለት ጥንድ፣ ጭራዋ ላይ አንድ ጥንድ ብቻ አላት። እግር ስለሚያንሳት ጀርባዋን እንደ ቅስት እያጎበጠች ነው የምትሄደው፤ በስንዝር ጨርቅ የሚለካ ሰው ትመስላለች። ቅጠል በሊታ ናት። ቡናማዋ ግን መሃሏ ላይ አራት ጥንድ አላት፣ ጎኗ ላይ ነጣ ያለ መስመር ተስሏል። ተክሉ ላይ የቀረች እህቷን ስናገኝ ግማሽ አካሏን ቆባው ውስጥ ከታ ፍሬውን እየበላች ነበር። ጭራዋ ብቻ ውጭ ቀርቷል።

እማማ ጎንበስ አሉ። «አንተ! ይሄማ ጓይ ነው! አገሬ ሽምብራ ላይ የማውቀው!»

ጓይ ትል ነው። አረንጓዴም ቡናማም ሮዝም ይሆናል፤ ለዚህ ነው ቀለም የሚያሳስተው።

አኩሪ አተር ቅጠሉ ቢበላ ብዙ ይችላል። ጓደኛዬ እንደነገረኝ አበባ ሳይዝ ሲሶው ቢሄድ እንኳ ይተካዋል፤ ቆባ ሲይዝ ግን ከአምስት አንዱ ከተበላ ያሰጋል። የእማማ ቅጠል እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ጎባጣዋን ተዋት። ጓዩ የበዛው ከጉድባው በኩል ባለው ጥግ ብቻ ነበር። እማማና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ያንን በእጅ እየለቀሙ በጣሳ ውሃ ውስጥ ከተቱት። ከሦስት ቀን በኋላ ጓደኛዬ ተመልሶ ሊያይ ተቀጣጠሩ።

ከአጠገብ ማሳ ጎረቤቲቱ መርጫ አዝላ ብቅ አለች።

«ቆዪ! ተምች አይደለም፣ ጓይ ነው!» ብለው ጮኹ እማማ።

«ታዲያ ጓይ ጾመኛ ነው?» አለች ጎረቤት። መርጫውን ግን አወረደችው፤ ከረጢት ፍለጋም ወደ ቤት ተመለሰች።